ከነገለፈቱ

ከሐመር ወደ ጅማ ለመመለስ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ቱርሚን በማለዳ ለቅቄ በቀይ አፈርና በኮንሶ አድርጌ አርባ ምንጭ አደርኩ፤ በማግስቱ ሶዶ፤ በሦስተኛው ቀን በተርጫና በጭዳ በኩል ጎጀብን ተሻግሬ ቤቴ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሙቅ ውሃ። ሁለት ሳምንት የታጠብኩት ሴቶችና ልጆች የካስኬን ወንዝ ደረቅ አሸዋ ቆፍረው በቅል ከሚቀዱት ውሃ በደረሰችኝ እፍኝ ነው። እሷንም በእፍረት።

ቤት ገብቼ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ስከፍተው ሁለት ጊዜ አስሎ ዝም አለ። "ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የለም" አለች እናቴ፣ ቢጫውን ጀሪካን እየገፋችልኝ። "እንዲህ ቅቤ ቅቤ እየሸተትክ ግን አልጋ ላይ አትወጣም!" የሐመር ሴቶች ጸጉራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር ይለውሳሉ፤ አጠገባቸው ተጠጋግቶ የተቀመጠ ሰው ልብሱ ቀልቶ ይነሳል።

አልጋውም እንደናፈቅኩት አልሆነም፤ ትራሱ ዋጠኝ። የሐመር ወንዶች ቦርኮቶ የሚሏት፣ ከአንድ እንጨት የተጠረበች ትንሽ ዕቃ አለቻቸው። ቀን ይቀመጡባታል፣ ማታ ይንተራሷታል፤ በሸክላ አፈር የተለሰነው ጸጉራቸውም ሳይፈርስ ያድራል። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች አንገቴን ይዤ ስረግማት ነበር። ጅማ ላይ ግን እኩለ ሌሊት ተነስቼ ሳሎን ያለችውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ በዓይኔ ስለካ ራሴን ያዝኩት። እሷም ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ናት፤ ለራስጌ ግን ትረዝማለች።

ጠዋት እናቴ ቡና ቆላች። ሲኒውን ስቀበል የሐመሩ ሽማግሌ ትዝ አለኝ። እዚያ የሚጠጣው የቡናው ፍሬ ሳይሆን ገለፈቱ ነው። በትልቅ ማሰሮ ይፈላና በቅል ይቀርባል። ሽማግሌው ተጎንጭቶ ከአፉ እፍ ብሎ ይረጫል፤ ለከብቱ፣ ለሣሩ፣ ለዝናቡ ባርጆ፣ በረከት ማለት ነው፣ ይጠራል፤ የተቀመጠው ሁሉ ይቀበለዋል። ቀለሙ እንደ ሻይ ነው፣ ስኳር የለውም። አገሬ ቡና የሚበቅልበት መሆኑን ሲሰማ በአስተርጓሚው በኩል "ታዲያ እናንተ ገለፈቱን ምን ታደርጉታላችሁ?" ብሎ ጠየቀኝ። እንጥለዋለን ማለት አቃተኝ። "ብዙ አለ" ብቻ አልኩ።

ወሩ ጥር ስለነበር ጀንፈሉን፣ ከነገለፈቱ የደረቀውን ቡና፣ የሚፈለፍሉት መፈልፈያዎች ሥራ ላይ ናቸው። ከሰፈራችን ራቅ ወዳለው ሄድኩ፤ የገለፈቱ ክምር ከእኔ ቁመት ይበልጣል።

"ለማገዶ ነው?" አለ ጥበቃው።

"ለመጠጥ።"

ሳቀና አንድ ፌስታል ሞላልኝ።

ማታ በድስት አፈላሁት። እናቴ መጀመሪያ ያደረገችው በሩን መዝጋት ነበር። "ጅማ ተቀምጠን ገለፈት! ጎረቤት ምን ይለናል?" ቢሆንም ሲኒዋን ተቀበለች። ቀመሰች፣ ዝም አለች፣ ደገመች።

"ቅቤ ይጎድለዋል" አለች በመጨረሻ። "አያቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ 'ቡና ቀላ' ብላ እየጠራችው ቡናውን ከነገለፈቱ በቅቤ ጠብሳ ታቀምሰን ነበር። ለእንግዳ እንጂ ለእኛ ብዙ አትሰጥም። እንዴት ረሳሁት?"

ይህን እያለች ወደ ጓዳ ገባች፤ የቅቤውን ዕቃ ክዳን ስትከፍት ሰማኋት።