የመስታወቱ መስመር

ቡራዩ መኖር ከፀሐይ ጋር ያጣላል። ጠዋት ወደ ከተማ ስወርድ ፊት ለፊቴ ናት። ማታ ስመለስ ደግሞ በምዕራብ በኩል ዞራ ትጠብቀኛለች።

ማክሰኞ ዕለት አስኮ ስደርስ የቪትዜ የፊት መስታወት ባንዴ ነጭ ሆነ። መስመር በመስመር። ከፊቴ ያለውን ሚኒባስ የለየሁት ፍሬን ሲይዝ በበራው ቀይ መብራት ነው። የሚያናድደው፣ ዋዜማውን አጥቤዋለሁ። በኦሞ፣ ያውም ዛቅ አድርጌ።

ለካ አንዱ ጣጣ እሱ ነበር። በደንብ ካልተለቀለቀ ሳሙናው መስታወቱ ላይ ይደርቃል። ውሃችን ደግሞ የጉድጓድ ነው። ገፈርሳ ግድብ አፍንጫችን ስር ሆኖ እኛ ጉድጓድ እንቀዳለን! ያ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ዓይነት። በዚያ ላይ የማጥበው እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ አቁሜ ነው። ጨርቁ ሳይደርስበት ደርቆ ይጠብቀኛል።

መንገድ ዳር መኪና ለሚያጥብ አንድ ልጅ ነገርኩት።

«ጋሼ፣ መስመሩ በውጭ ነው በውስጥ?»

እኔ እንጃ። ሳቀብኝ።

«ውጩን ወደ ጎን ይጥረጉት፤ ውስጡን ከላይ ወደ ታች። የቀረው መስመር አጋደም ካለ የውጭ ነው፣ ቀጥ ካለ የውስጥ።»

ይቺን ነገር እስከዛሬ ማንም አልነገረኝም።

ዛሬ እሁድ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ጥላ ሳለ ወጣሁ። ግማሽ አቼቶ፣ ግማሽ ውሃ። ሁለት ማይክሮፋይበር ጨርቅ፤ አንዱ ረጠብ ያለ፣ አንዱ ደረቅ። ውጩ ወዲያው ጠራ። ውስጡን አንዴ ሳብ ባደርገው ግን ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ወጣ። አፈርኩ። ዳሽቦርዱ ፀሐይ ሲመታው ከፕላስቲኩ የሚተን ነገር አለ፤ እሱ ነው መስታወቱ ላይ እንደ ስስ ቅባት የሚለጠፈው። መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ ውጩን ስፈትግ ኖሬያለሁ፣ ውስጡን በእጅጌዬ ጠረግ ከማድረግ በቀር ነክቼውም አላውቅ።

የታችኛው ጥግ እጅ አይደርስበትም። መዳፌን ገልብጬ፣ በእጄ ጀርባ ጨርቁን ገፋሁት፤ ደረሰ። የበሮቹን መስታወት ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ሳደርግ ደግሞ ጫፉ ላይ ጥቁር ክር የመሰለ እድፍ ተሰልፏል።

ማድረቂያው ሲርስብኝ የአባቴን ዘዴ አስታወስኩ። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ጨብጦ መስታወቱን ያንጫጫው ነበር። ሞከርኩት፣ ይሠራል። እጄ ግን በቀለም ጠቆረ።

ሁለት ሰዓት ላይ ጨረስኩ። መስታወቱ ያለ አይመስልም። ባለቤቴን ጠርቼ «እስቲ እዪው» እያልኩ ሳለሁ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና በበራችን አለፈ። አቧራው እስኪያልፍ ሁለታችንም ዓይናችንን ጨፈንን።

«የቱን ነው የማየው?» አለችኝ።