አባባ «አቦቦ» የሆኑበት ቀን

እንጀራዬ ታፔላ መጻፍ ነበር። ጅማ ላይ የባነር ማተሚያ ሲበዛ ብሩሼ ሥራ ፈታ። ያዋስኳቸው መጻሕፍት ወጥተው መቅረታቸው ያንገበገበኝም በዚያው ሰሞን ነው። ስሜን በእስክሪብቶ ብጽፍም ገጹን ገንጥለው ይጥሉታል። አንድ ወዳጄ ስለ ኤክስ ሊብሪስ ነገረኝ፦ ከመጽሐፉ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚለጠፍ፣ የባለቤቱ ስም ያለበት ትንሽ የታተመ ሥዕል።

አስተማሪ የለኝ፣ መሣሪያ የለኝ። ጅማ ውስጥ የማይጠፋው ግን የተሰበረ ጃንጥላ ነው። የአንዳንዱ ጃንጥላ ሽቦ ሲሠራ ጀምሮ እንደ ቦይ የጎደጎደ ነው። ጫፉን ስዬ እንጨት እጀታ ውስጥ ከተትኩት፤ መቅረጫ ሆነ። መጀመሪያ የዋንዛ ቁራጭ ሞከርኩ። ቀጭን መስመር ላይ ጭረቱ እየተሰነጠቀ አስለቀሰኝ። ከዚያ ጫማ ሰፊዎች ለሶል የሚቆርጡት ጎማ ተሻለኝ። የቀረጽኩትን ቀለም ቀብቼ ወረቀት አለብሰዋለሁ፤ ማተሚያዬ ወረቀቱን የማሽበት የማንኪያ ጀርባ ነው።

የመጀመሪያው ለአባቴ ነበር፦ «የአባባ መጽሐፍ»። ሲታተም እንደሚገለበጥ ስለማውቅ ፊደሎቹን ከቀኝ ወደ ግራ ደረደርኳቸው። እያንዳንዱን ፊደል ግን እንዳለ ቀረጽኩት። ወረቀቱን ሳነሳው ባ እግሯን ቀይራ ቦ ሆናለች። «የአቦቦ» ይላል! አባባ መነጽራቸውን አድርገው አዩትና «ማነው ደግሞ አቦቦ?» አሉኝ።

አሁን በስስ ወረቀት ላይ በለስላሳ እርሳስ እጽፋለሁ። ወረቀቱን ጎማው ላይ ደፍቼ ሳሸው ራሱ ይገለበጣል። ከመቅረጼ በፊት ደግሞ በመስታወት አየዋለሁ። ሙጫም አስተምሮኛል፤ ወፍራም የዱቄት ሙጫ በጅማ ክረምት ይሻግታል። አቅጥኖ በስሱ መቀባት፣ እስኪደርቅ ክብደት መጫን።

አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት፣ የቡና ዛፍና በርጩማ ባንዴ አዘዙኝ። ስፋቱ 6 በ9 ሴንቲ ሜትር! ሁሉንም አጨቅኩት፤ ጥቁር ድፍን ወጣ። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን ያኔ ጠየቅኩ፦ «ሲያነቡ የት ነው የሚቀመጡት?» ባለሦስት እግር በርጩማቸውን አሳዩኝ። መሃሉ ተበልቶ ጎድጉዷል። እሱን ብቻ ቀረጽኩ፣ ከነጉድጓዱ።

ጽሑፉ ቀረ። እሳቸው በብራና መጻሕፍት ላይ ያለውን ግዝት ፈለጉ፦ «ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን»። የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። እኔም ጀርመናዊው ሠዓሊ ዱረር ከ500 ዓመት በፊት ለወዳጁ ለፒርክሃይመር በሠራው ኤክስ ሊብሪስ ላይ በላቲን «ለራሱና ለወዳጆቹ» የሚል እንዳለበት ነገርኳቸው።

አሰቡ አሰቡና ሳቁ። «እንግዲያው ለወዳጆቼም በል። ግዝቱን ከሥር በደቃቁ ጨምርበት።»

«ጴጥሮስ ወጳውሎስ»ን ገልብጦ በደቃቁ መቅረጽ ሁለት ማታ ፈጀብኝ።