እሁድ በጁባ

ሰላም ወገኖቼ! የዛሬው አምልኮ ተጀምሮ እስኪያልቅ ፀሐዩ አናታችን ላይ ወጥቶ ነበር። ከበሮው አይጣል ነው! ዝማሬው የባሪ ቋንቋ አለበት፣ የዲንቃ አለበት፣ የጁባ አረብኛ አለበት። እኔ ማጨብጨቡ ላይ ጎበዝ ነኝ።

ለሚስዮን አገልግሎት ስወጣ ብዙ ሰው «ማንን ልታስተምር ነው?» ይለኝ ነበር። እዚህ ወንጌል የደረሰው እኔ ሳልወለድ ነው። በጦርነቱ ዘመን ሁሉ ቤተ ክርስቲያናቸውን ይዘው የኖሩ ሰዎች ናቸው። እንደኔ እንደኔ፣ አዲስ መጪ ሚስዮናዊ መጀመሪያ ወንበር ቢያነሳና ቢሰማ ይሻላል። ዛሬም ያደረግሁት እሱን ነው።

ከአምልኮ በኋላ አንድ አባት ከማንጎው ጥላ ስር «አንተ ልጅ፣ ና ብላ!» አሉኝ። በአማርኛ! ክው አልኩ። ለካ ልጅነታቸው ጋምቤላ፣ ኢታንግ የስደተኞች ካምፕ ነው። በ1983 ደርግ ሲወድቅ፣ በዝናብ፣ በእግራቸው ወደ ሱዳን የተመለሱት እሳቸውና ብዙ ሺህ ሌሎች ናቸው። ስለ መንገዱ ብዙ አላወሩም። ስለ ሽሮ ግን አወሩ፣ ለዚያውም በናፍቆት።

ባለቤታቸው ኪስራ በባሚያ ወጥ አቀረቡ። ኪስራ ከማሽላ ሊጥ የሚጋገር ነው፣ ስስ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ የእንጀራ ታናሽ እህት በሉት። እጄ ራሱ ያውቀዋል። «ሚስት አለህ?» ተባልኩ፣ የለኝም አልኩ፣ ሁሉም በሐዘን አዩኝ 😄

ነገ ኮኞ ኮኞ ገበያ ወርጄ አረብኛዬን ከሻይ ሻጮቹ ጋር እለማመዳለሁ። ጸልዩልኝ፣ ለሙቀቱም ጭምር። ሽሮ የሚልክ ካለ ደግሞ ኢንቦክስ!