ነሐሴ 22 የፈረድኩት ፍርድ

ትናንት ማታ የቆዩ ማስታወሻ ደብተሮቼን ሳገላብጥ ነሐሴ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ከጻፍኩት ገጽ ላይ ደረስኩ። ያን ቀን አርሰናል በማንቸስተር ሲቲ 5 ለ 0 ተረትቶ ነበር፤ ከሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት ተናድጄ እንደወጣሁ «ይህ ሰው ሰኞን በሥራው ላይ ካየ ክለቡ ባለቤት የለውም ማለት ነው» ብዬ ጽፌያለሁ። ይህ ሰው የአርሰናሉ አሰልጣኝ ሚኬል አርቴታ ነው። በሦስት ጨዋታ አንድም ሳናገባ 9 ጎል ተቆጥሮብን ከሰንጠረዡ ግርጌ ተቀምጠናል፤ ያለፉትን ሁለት የውድድር ዘመናትም 8ኛ ሆነን ጨርሰናል።

ቁጣዬን ይቅር እለዋለሁ። ያሳፈረኝ ባለቤትነትን ከማባረር ጋር አንድ አድርጌ ማየቴ ነው። ይህን ያስለመደን የቀድሞው የቼልሲ ባለቤት ሮማን አብራሞቪች ይመስለኛል። አሰልጣኙን አንድሬ ቪላስ ቦአስን ከፖርቶ ለማስለቀቅ 13 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ከፍሎ፣ የውድድር ዘመኑ ሳያልቅ በየካቲት 2004 አሰናበተው። ምክትሉ ሮቤርቶ ዲ ማቴዮ በዚያው ግንቦት ሙኒክ ላይ የቻምፒየንስ ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ጥድፊያው ብልኀት መሰለ፤ እሱም ቢሆን ግን ከኅዳር አላለፈም።

የአርሰናሉን ባለቤት ስታን ክሮንኬን ያኔ የሚያምነው ደጋፊ ጥቂት ነበር። ሚያዝያ ላይ ክለቡን ታላላቅ ክለቦች ለብቻቸው ሊመሠርቱት ወዳሰቡት የአውሮፓ ሱፐር ሊግ ሊያስገባ በመሞከሩ በክለቡ ስታዲየም በኤምሬትስ ደጃፍ ሰልፍ ተወጥቶበታል፤ እንግሊዞቹ «ዝምተኛው ስታን» የሚሉት ይህ አሜሪካዊ ኑሮው ከለንደን የራቀ በመሆኑ፣ ትዕግሥቱን ከግድየለሽነት መለየት ያስቸግር ነበር። ሆኖም በዚያ የዝውውር መስኮት አርሰናል ከሊጉ ክለቦች ሁሉ የበለጠ ገንዘብ አውጥቶ እንደ ቤን ዋይት፣ ማርቲን ኦዴጋርድና አሮን ራምስዴል ያሉ፣ ዕድሜያቸው ከ23 ያላለፈ ልጆችን ገዛ። አሰልጣኙን በነሐሴ ማሰናበት ቀለሙ ያልደረቀ ዕቅድን መቅደድ ይሆንበት ነበር። ስለዚህ አርቴታን ያቆየው የክሮንኬ ትዕግሥት ይሁን ያፈሰሰው ገንዘብ፣ ዛሬም መወሰን አልቻልኩም።

ቀጣዩ ገጽ የመስከረም 1 ነው። የዶሮ ወጡ ሽታ ከልብሴ ሳይለቅ ኖርዊችን በኦባሜያንግ ጎል 1 ለ 0 ስናሸንፍ አይቻለሁ። ያው ኦባሜያንግ በታኅሣሥ የአምበልነቱን ማዕረግ ሲነጠቅ ክለቡ ከአሰልጣኙ ጎን ቆሞ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኮከቡን ወደ ባርሴሎና ሸኘው። እኔን ያሳመነኝ ከነሐሴው ዝምታ ይልቅ ይህ ነው፤ አሰልጣኝን ሳያባርሩ ዝም ማለት ምንም አያስከፍልም፣ ለእሱ ሲሉ ውድ ተጫዋችን ማጣት ግን ያስከፍላል።

የነሐሴውን ገጽ ልቀደው አስቤ ተውኩት። በኅዳጉ ላይ የዚያን የውድድር ዘመንና የተከታዮቹን ሦስት ዘመናት ደረጃ በእርሳስ ጻፍኩበት፦ 5ኛ፣ 2ኛ፣ 2ኛ፣ 2ኛ።