ሞርሳው ለምን ተሰበረ

ሰሞኑን ጅማ ሂርማታ መርካቶ ያለው የአጎቴ ብየዳ ቤት ጎራ ስል ብረት ጨምድዶ የሚይዘው ሞርሳው ለሁለት ተሰብሮ ቁጭ ብሏል። አብሯቸው የሚሰራው ልጅ የመኪና ባሌስትራ ቅጠል አስሮበት በትልቁ መዶሻ ሲቀጠቅጥ ነው አሉ ቀጭ ያለው። ጋሼ በጣም አዝነዋል፣ ሃያ ዓመት የሰሩበት እቃ ነው። "እሙዬ ይሄ ሁሉ ወፍራም ብረት እንዴት እንደ ሸክላ ይሰበራል፣ ይቺ ጣት የምታክል ፌሮ እኮ ብትደበድቢያት ትጣመማለች እንጂ አትሰበርም" አሉኝ። እኔም ኪቶ፣ የጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ስማር ቤተ ሙከራ ውስጥ በዓይኔ እስካየው ድረስ አልገባኝም ነበር።

ሙከራው ቻርፒ ይባላል፣ በ1901 እ.ኤ.አ. ስለሱ በጻፈው ፈረንሳዊ በጆርጅ ቻርፒ ስም ነው። 55 ሚሊሜትር ርዝመት ያላት፣ ወርዷም ውፍረቷም 10 ሚሊሜትር የሆነች ብረት መሃሏ ላይ 2 ሚሊሜትር የሚጠልቅ የቪ ቅርጽ ይወጣላታል፣ ከዛ ጫፍና ጫፏን አስደግፈው ያጋድሟትና ከባድ መዶሻ እንደ ዥዋዥዌ ከላይ ይለቁባታል፣ ሰብሯት ሲያልፍ ማዶ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ይታያል። ብዙ ከፍ ካለ ብረቷ ጉልበቱን አልበላችበትም ማለት ነው። ጊዛውን፣ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የሚፈሰውን፣ የጋሼ ሞርሳ የተሰራበትን አይነት ብረት፣ ስንመታ መዶሻው ምንም ያላገኘው ይመስል አለፈ፣ የበላበት ጉልበት 10 ጁል (የጉልበት መለኪያ ነው) እንኳ አልሞላም። ለስላሳው ብረት ግን ከመቶ በላይ በላ፣ ያውም ታጥፎ እንጂ ለሁለት አልተለያየም። የተቀደደበት ፊት ደብዘዝ ያለ፣ ጭረት ጭረት የሚል ግራጫ ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ያው ለስላሳ ብረት በጣም ቀዝቅዞ ሲመታ ነው፣ ድርቅ ብሎ ተሰበረ፣ ፊቱ እንደ ጨው ብልጭ ብልጭ ይላል!! መዳብና አሉሚኒየም ሲበርዳቸው እንዲህ ተሰባሪ አይሆኑም። በጥር 1943 እ.ኤ.አ. ስኬኔክታዲ የምትባል በብየዳ የተሰራች አዲስ የነዳጅ መርከብ አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ ፖርትላንድ ወደብ ላይ ቆማ፣ ማዕበል በሌለበት፣ በብርዱ ሌሊት ለሁለት ልትከፈል ደረሰች። በኋላ ኮንስታንስ ቲፐር የምትባል የካምብሪጅ ተመራማሪ ናት ጥፋቱ የብየዳው ብቻ እንዳልሆነ፣ ብረቱ ራሱ ሲበርደው ተሰባሪ እንደሚሆን ያሳየችው። ሴት መሆኗን ሳነብ ደስ ያለኝን አልደብቅም።

ጅማ ግን እንደዛ አይበርድም፣ የጋሼን ሞርሳ ብርድ አልሰበረውም። ጊዛ ውስጥ ካርቦኑ እንደ ስስ ቅጠል ተበትኖ ነው ያለው፣ የእያንዳንዱ ቅጠል ጫፍ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቆርጠን እንዳወጣነው ቪ ነው፣ ስንጥቁ ከዛ ይነሳል። ሲጫኑት ግን ቻይ ነው፣ ለዚህ ነው ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያጠብቁበት ምንም ያልሆነው። ይሄን ስነግራቸው ስባሪውን አንስተው ፀሐይ ላይ አገላብጠው አዩት፣ "እውነትም ቅንጣት ነው" አሉ።

ትናንት ሳልፍ አዲስ ሞርሳ ገዝተዋል፣ ከጎኑ የሐዲድ ቁራጭ ተተክሏል፣ ልጁ መዶሻውን እዛ ላይ ነው የሚያሳርፈው።