ኤችዲ1ን ከሰንጠረዡ የሰረዝኩት በስህተት ነበር

የማስተርስ ሥራዬ ሩዝ ዛላ የሚያወጣበትን ጊዜ ስለሚወስኑ ጂኖች ነበር። አራት ኪሎ ግቢ ኮምፒውተር ክፍል ቁጭ ብዬ ጂኖቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ፤ ጂኑ የሚሠራባቸው መስመሮች (ለሙከራ የተዳቀሉ የሩዝ ዘሮች) ዛላ የሚያወጡበትን አማካይ ቀን ከማይሠራባቸው ጋር አነጻጸርኩ። ኤችዲ1 በተባለው ጂን ላይ ልዩነት አጣሁ። «ተጽዕኖ የለውም» ብዬ ሰረዝኩት።

አማካሪዬ ረቂቁን አይተው፣ «ልጄ፣ ይህ ጂን እኮ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የታወቀ ነው። ከየትኛው ጂን ጋር እንዳለ አየሽ?» አሉኝ።

አላየሁም ነበር። ማታ ሐውልቱ አጠገብ ካለ ካፌ ገብቼ ወረቀት ለአራት ከፈልኩና ለመለማመጃ የራሴን ቁጥሮች ሞላሁ። ቀኑ ረጅም ነው፣ ማለትም የብርሃኑ ሰዓት ብዙ ነው እንበል። ኤችዲ1 እና ጂኤችዲ7 የተባለ ሌላ ጂን ሁለቱም ሲሠሩ ሩዙ በ110 ቀን ዛላ ያወጣል፤ ጂኤችዲ7 ብቻውን ሲሠራ በ95፤ ኤችዲ1 ብቻውን ሲሠራ በ75፤ ሁለቱም ሳይሠሩ በ90። የኤችዲ1ን አማካይ ሳወጣ 92.5፤ የሌለበትም 92.5! ጂኤችዲ7 ሲሠራ 15 ቀን ያዘገያል፣ ሳይሠራ 15 ቀን ያፈጥናል፣ አማካዩ ሁለቱንም ይውጣቸዋል። ማኪያቶዬ እስኪቀዘቅዝ አፍጥጬ አየሁት።

ቁጥሮቹ የእኔ ቢሆኑም ነገሩ እውነት ነው። ኤችዲ1 በአጭር ቀን ዛላ ያፋጥናል። በረጅም ቀን የሚያዘገየው ግን ጂኤችዲ7 ካለ ነው፦ የሁለቱ ፕሮቲኖች ተጣምረው ኢኤችዲ1 የተባለውን ጂን ያፍኑታል፤ እሱ ሲታፈን ከቅጠል ወደ ተክሉ ማደጊያ ጫፍ የሚሄደው የማበቢያ መልእክት ይዘገያል። ጂኤችዲ7 ከሌለ ኤችዲ1 በረጅም ቀንም አፋጣኝ ይሆናል። ደግሞ መዘግየት ሁልጊዜ ኪሳራ አይደለም፤ ጂኤችዲ7 የዛላውን ፍሬ ብዛትም ይጨምራል።

ከዚያ ያለኝን ሁሉ ጥንድ በጥንድ ልፈትሽ ተነሳሁ፤ ይህም ሌላ ስህተት ነበር። 100 ማርከር (በዘረመል ላይ ያለ መለያ ምልክት) 4,950 ጥንድ ይሆናል፤ በተለመደው የ5 በመቶ መስፈርት ወደ 250 የሚጠጋ ጥንድ እንዲሁ በአጋጣሚ «ተገናኘ» ይለኛል። መስመሮቼም ይሳሳሉ፦ 100 መስመር በሁለት ጂን ሲከፈል በየሳጥኑ 25፣ በሦስት ጂን 12 ወይም 13 ብቻ ይደርሰዋል። ስለዚህ አሠራራቸው የሚታወቅ ጥቂት ጥንዶችን አስቀድሜ መረጥኩ።

አሁን የሚያሳስበኝ ጣና ዳር ያለው ሩዝ አብቃዩ ፎገራ ነው። እዚያ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ጃፓን ውስጥ ቀኑ በሚረዝምበት በጋ «አዘግዪ» የተባለው ጥምረት ጣና ዳር እንዲሁ ያዘገያል ብዬ መጻፍ አልችልም፤ እዚያው ተዘርቶ መቆጠር አለበት።