ሥራና ልፋት

አንድ የንግግር ርእስ ወደ አማርኛ ለመመለስ ሦስት ሳምንት ስታገል ቆይቼ፣ ትናንት ሌሊት በጽዳት ፈረቃዬ መካከል ሻዬን ይዤ ደረጃው ላይ እንደተቀመጥኩ ሳላስበው መጣልኝ። ንግግሩ ገጣሚው፣ የጨርቅና የግድግዳ ወረቀት ንድፍ አውጪውና ሶሻሊስቱ እንግሊዛዊ ዊሊያም ሞሪስ በ1884 ያደረገው ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው)። እኔ «ጠቃሚ ሥራና ከንቱ ልፋት» ብዬዋለሁ። መዝገበ ቃላቱ ርእሱ ውስጥ ላሉት ለሁለቱም ቃላት «ሥራ» የሚል ፍቺ እየሰጠ ሲያስቸግረኝ ቆይቶ፣ እናቴ ቀኑን ሙሉ ደክማ እጇ ላይ ምንም ሳይቀር ሲመሽባት «ልፋት ብቻ!» ትል እንደነበር ትዝ አለኝ።

ሞሪስ ለሰው የሚገባ ሥራ ሦስት ተስፋዎች አሉት ይላል፦ የዕረፍት ተስፋ፣ ፍሬውን የማየት ተስፋ፣ በሥራው በራሱ የመደሰት ተስፋ። እኔን የገረመኝ ዕረፍትን ማስቀደሙ ነው። ሥራ ሁሉ በራሱ መልካም ነው የሚለው እምነት በሌሎች ላብ ለሚኖሩት የተመቸ እንደሆነም ገና ሲጀምር ይናገራል። ይህን የተናገረው ሰው አባቱ በመዳብ ማዕድን አክሲዮን የከበሩ፣ እሱም በድሎት ያደገ መሆኑን ሳውቅ በመጀመሪያ ትንሽ አኩርፌ ነበር።

ኩርፊያዬ የለዘበው ለንደን፣ ዋልታምስቶ ውስጥ በልጅነቱ የኖረበትና ዛሬ ቤተ መዘክሩ የሆነው ቤት ከሄድኩ በኋላ ነው። «እንጆሪ ሌባ» የተባለው ጨርቁ የ1883 ሥራ ሲሆን፣ በገጠር ቤቱ አትክልት ውስጥ ከመረቡ ሥር እየገቡ እንጆሪ የሚሰርቁ ወፎች ናቸው መነሻው። ጨርቁ መጀመሪያ በሙሉ ኢንዲጎ በተባለው ማቅለሚያ ውስጥ ተነክሮ ሰማያዊ ይሆናል፤ ከዚያ በእንጨት ማኅተም ቀለም የሚያስለቅቅ ነገር እየታተመበት ወፉና ቅጠሉ ነጭ ሆነው ይወጣሉ፤ ቀዩና ቢጫው ደግሞ በየተራ ይታከላሉ። አንዱ ቀለም ሳይደርቅ ሌላው ስለማይታተም ሥራው ቀናት ይፈጃል። ሞሪስ ማቅለም የተማረው ራሱ በገንዳው አጠገብ ቆሞ ሲሆን፣ እጁ ሰማያዊ ሆኖ ይሰነብት ነበር። በረኪና እጅን ምን እንደሚያደርግ ስለማውቅ ከሁሉ በላይ የገባኝ ይህ ነው።

ችግሩ ይህን የመሰለ ጨርቅ ውድ መሆኑ ነበር፤ የሚገዙትም ባለጸጎች ነበሩ። ሞሪስን ራሱን ይህ ያንገበግበው ነበር። ጨርቁ በወጣበት በዚያው ዓመት ዴሞክራቲክ ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር ተቀላቀለ፤ የማርክስን «ካፒታል»ም በፈረንሳይኛ አነበበ። በ1884 መጨረሻ ከማኅበሩ ወጥቶ ከጓደኞቹ ጋር የሶሻሊስት ሊግን መሠረተ፤ በ1890ም በሊጉ ጋዜጣ ላይ ገንዘብ የማይታወቅባትን የወደፊት እንግሊዝ የሚያሳይ ልብ ወለድ በተከታታይ አወጣ። እዚያ ታሪክ ውስጥ እንግዳው ለጀልባ ቀዛፊው ሳንቲም ሲዘረጋ ቀዛፊው ግራ ይጋባል፤ የፓርላማው ሕንፃ ደግሞ የፍግ ማከማቻ ሆኗል። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። ከባድና አስጠሊታ ሥራ በፈቃደኞች፣ ለአጭር ጊዜ እየተፈራረቁ ይሠራ ይላል፤ ሥቃይ ከመሆን የማይድን ሥራ ካለ ደግሞ ይቅርና ሰማይ ይወድቅብን እንደሆነ እንይ ይላል። አራት ፎቅ ሙሉ መጸዳጃ ቤት ለማጽዳት የተቀጠርኩት እኔ ግን ሥራው ለሁለት ቀን ቢቀር ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ሥቃዩም ቆሻሻው አይደለም፤ የቆሸሸውን የማጸዳላቸውን ሰዎች ፊት አንድም ቀን አለማየቴ ነው። የመፈራረቁን ሐሳብ ግን እወደዋለሁ፤ ቀን ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው በወር አንድ ሌሊት መወልወያ ቢይዝ ምን እንደሚል መስማት እፈልጋለሁ።

ሻዬን ጨርሼ ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ፣ በአንዱ ጠረጴዛ ላይ «እንጆሪ ሌባ» የታተመበት የቡና ኩባያ ተቀምጦ አገኘሁ። ሥሩ ላይ ቡና ደርቋል። ኩባያ ማጠብ በሥራ ዝርዝሬ ውስጥ የለም፤ ወስጄ አጠብኩት፤ ወፉ ወደ ወንበሩ እንዲያይ አድርጌም መለስኩት።